ስለ ግቢያችን ጉዳይ

ውዴ እንዴት ነሽ ባክሽ፣ ልጆቹስ? ድምፅሽን ከሰማሁ ስንት ጊዜ ሆነኝ። እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ እንጀራዋን አሁንም ትጋግራለች፣ አዳማም ያው ሙቀቷና ንፋሷ እንዳለ ነው ባጃጁ ብቻ በዝቷል።

የምጽፍልሽ ስለ ግቢያችን ነው። ሰፈሩ መልሶ ማልማት ውስጥ ገብቷል፣ ፈርሶ እንደገና ይሠራል ተብሎ ስብሰባ ተጠራን፣ ከዛ ወዲህ ግቢው ለሁለት ተከፍሏል፣ ካርታ ያላችሁ እናንተ አንድ ወገን የቀበሌ ተከራዮች እኛ አንድ ወገን። ታውቂዋለሽ አያትሽ ግቢውን ሙሉ ነበር ያሰሩት፣ በ1967 የትርፍ ቤት አዋጅ ሲመጣ የሚኖሩበት ብቻ ቀርቶላቸው ሌላው ሁሉ ተወረሰ፣ ኪራዩ ከ100 ብር በታች ስለነበር ወደ ቀበሌ ሄደ። እሳቸው ግን ተከራዮቹን አንድ ቀን ክፉ አልተናገሩም፣ እማዬ ይሄን ሁሌ ነው የምታነሳው።

ወንድምሽ አሁን ከአንድ አልሚ ጋር ለብቻው እየተነጋገረ ነው። በ2011 የወጣው የመሬት ማስለቀቂያና ካሳ አዋጅ 1161 በመልሶ ማልማት ክልል ያለ ባለይዞታ በፕላኑ መሰረት ለብቻውም ሆነ ተደራጅቶ ቦታውን የማልማት ቅድሚያ አለው ይላል፣ እሱም ይሄን ይዞ ነው፣ መብቱ ነው ማንም አይከለክለውም። ግን ተከራይ ባለይዞታ አይደለም። ለኛ ምትክ የቀበሌ ቤት ወይ ኮንዶሚኒየም ይባላል፣ የት ሰፈር ነው ስንል መልስ የለም። ስብሰባው ላይ ይሄ ሲነሳ ወንድምሽ ተቆጣ፣ የአያቴን ቤት ተወርሰን አሁን ደሞ ለተከራይ ልሟገት እንዴ አለ፣ ከወዲህ ደሞ 50 ዓመት የኖርንበትን ቤት እንደ ውሰት ነው የምታዩት ብለው ጮሁ። እኔ ሁለቱም እውነት አላቸው ነው የምለው፣ ያመመኝም እሱ ነው፣ አንዱ ቢዋሽ ይቀለኝ ነበር።

ግቢው እንዳለ ይቀመጥ የምል እንዳይመስልሽ። ጭቃው እየተላጠ ነው፣ ክረምት ላይ ባልዲ የማንደረድርበት ክፍል የለም፣ መጸዳጃው ዛሬም አንድ ነው ለሁሉም ቤት፣ ቀበሌው አያድስ፣ ራሳችን እንጠግን ስንል ደሞ ፈቃድ አምጡ፣ ማዕድ ቤቱ ጭስ እማዬን ዓይኗን ጨረሳት። ይፍረስ፣ ልጆቼ እንደሰው ባለ ቤት ይደጉ። የኔ ጥያቄ ስንነሳ ወዴት ነው፣ ከማንስ ጋር። እማዬ ደንበኞቿ መናኸሪያው አካባቢ ያሉ ምግብ ቤቶች ናቸው፣ ከከተማ ዳር ጣሏት ማለት የባጃጁ ሂሳብ ትርፏን ይበላዋል ከዛ በኋላ ምኑን ትጋግራለች። አዲስ አበባ ከካዛንቺስ ከተነሱት ብዙዎቹ ከተማው ዳር ገላን ጉራ ነው የሄዱት፣ ካርታ ላይ ብታይው ርቀቱ ይገባሻል። እድሩስ? ባሏ የሞተባት ጎረቤታችንን ያን ጊዜ ድንኳን ተክሎ፣ ንፍሮ ቀቅሎ፣ አርባውን ድረስ ያልተለያት ይሄው ግቢ አይደል፣ እነዚህን ሰዎች አምስት ቦታ በትነሽ አዲስ ቤት ሰጠሁ ማለት እኔ አይዋጥልኝም።

እና የምለምንሽ ይሄን ነው። ካርታው ገና በአያትሽ ስም ነው፣ አንቺም ወራሽ ነሽ፣ ወንድምሽ ያላንቺ ፊርማ ብቻውን አይጨርሰውም። አትፈርሚ አልልሽም። ብቻ ከመፈረምሽ በፊት ለማዘጋጃ ቤቱ ያዘጋጀነው ማመልከቻ ላይ እናንተም ግቡበት፣ የምንጠይቀው ተከራዮቹ አንድ ላይ፣ እዚሁ ቅርብ ቦታ ምትክ ይሰጣቸው ነው፣ ከናንተ ድርሻ አንድ ካሬ አይነካም። ተከራይ ብቻውን ሲጽፍና ባለካርታው አብሮ ሲፈርም አንድ አይደለም፣ ይሄን ስብሰባው ላይ በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ እነሱ ሲናገሩ ይጻፋል እኛ ስንናገር ሰዓት ይታያል።

ወንድምሽን ደውይለት፣ እኔ ስነግረው ለተከራይ ወግና መጣች ይላል፣ አንቺን ግን ይሰማሻል። ማመልከቻውን ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ልኬልሻለሁ፣ የማይገባሽ ነገር ካለ ማታ ማታ ቤት ነኝ ደውይልኝ፣ ሰኞ ነው የምናስገባው።