የሥነ ዜጋና ሕግ ክበብ፦ ከሴኔት ወደ ችሎት

ክበባችን ዘንድሮ ያጠናው የአንዲት ሴት የሥራ ጉዞ ነው፤ የሳንድራ ዴይ ኦኮነርን (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በ1981 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ዳኛ መሆናቸውን የማያውቅ ጥቂት ነው። እኛ ያተኮርነው ከዚያ በፊት ባለው ላይ ነው፦ ሕግ አውጪ የነበረ ሰው ችሎት ሲቀመጥ ሥራው በምን ይለያል?

ኦኮነር በ1969 በተጓደለ ወንበር ተተክተው የአሪዞና ሴኔት (የግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት) ገቡ። በ1973 የአብላጫው መሪ ሆኑ፤ በየትኛውም ግዛት ሴኔት ከዚያ በፊት ይህን ቦታ የያዘች ሴት አልነበረችም። የክበባችንን አባላት ከሁሉም ያከራከረው ግን 1974 ነው። ያኔ የአሪዞና ዳኞች እንደ ፖለቲከኛ ተወዳድረው ይመረጡ ነበር። ኦኮነር ይህ ቀርቶ ዳኞች በኮሚሽን ተጣርተው በገዥው እንዲሾሙ ደገፉ፤ ሕዝቡም ለውጡን አጸደቀ። እሳቸው ግን በዚያው ምርጫ ተወዳድረው የማሪኮፓ ካውንቲ ዳኛ ሆኑ። «ይጋጫል» ያሉ አባላት ነበሩ። በሥራ ላይ ያለው መንገድ ያ ብቻ ስለነበር ክሱ የሚጸና አይመስለኝም። በ1979 በአዲሱ ሥርዓት ለይግባኝ ፍርድ ቤት የሾሟቸው ገዥው ብሩስ ባቢት ናቸው፤ ሿሚው ዴሞክራት፣ ተሿሚዋ ሪፐብሊካን። ሁለት ዓመት ቆይቶ የአገሪቱ ሴኔት 99 ለ0 አጸደቃቸው። ከእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 81 ጋር አስተያይተነዋል፤ በእኛ ሹመቱ የተወካዮች ምክር ቤት ነው።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ምስለ ችሎት አካሄድን። ጉዳዩ በ1982 የተወሰነው የሆጋን መዝገብ ነው፦ የሚሲሲፒ የሴቶች ዩኒቨርሲቲ የነርስ ትምህርት ቤት ሆጋን የተባለ ወንድ አመልካችን አልቀበልም አለ። ግዛቱ «ሴቶችን ለመካስ ነው» ሲል ተከራከረ። ኦኮነር ግን ሴቶች በነርስነት ሙያ ዕድል እንዳልተነፈጉ ጠቅሰው፣ 5 ለ4 በሆነው ውሳኔ የአብላጫውን ፍርድ ጻፉ።

የእኛን ችሎት ያበላሸው የሴኔት ጥያቄ ነው። «ዳኞቹ» ሕጉ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል በሚለው ተጠመዱና ፍርዱ የተመረኮዘበትን፣ ሁሉም በሕግ እኩል እንዲጠበቅ የሚያዘውን የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 14ኛ ማሻሻያ ማንም ሳያነሳው ቀረ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ዳኛ ድምፅ ከመስጠቱ በፊት የተመረኮዘበትን ሐረግ ጮክ ብሎ እንዲያነብ አደረግን፤ ክርክሩም ተስተካከለ። ጠበቆች ፍሬ ነገሩን፣ ጭብጡንና የሚጠይቁትን ዳኝነት በአንድ ገጽ አስቀድመው ያስገባሉ።

ለሚቀጥለው ዓመት አዘጋጆች፦ ከ9ኙ ዳኞች ሌላ ተጠባባቂ ይኑራችሁ። አንድ ሰው ቀርቶ 4 ለ4 ከሆነ የሥር ፍርድ ቤት ውሳኔ ይጸናል። በዚህ መዝገብ ደግሞ ይግባኝ ሰሚው ለሆጋን ስለፈረደ፣ ግዛቱ ያለ አንድም ተጨማሪ ቃል ይሸነፋል።