የድሮ ጣቢያ ፎቶ ሲወጣ ዓመቱና የተነሣበት ቦታ አብሮ ይጻፍ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የአሮጌው ባቡር ጣቢያዎች ፎቶ በየጊዜው ይታተማል፤ ግርጌው ላይ ግን «ታሪካዊው ጣቢያ» ከሚል በቀር የረባ ነገር አይገኝም። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ድረስ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዘልቀው ያ ሐዲድ በአንዳንድ ቦታ ተነቅሏል፣ በሌላው አፈር ውጦታል። ስለዚህ ፎቶው ነገ ብቸኛ ማስረጃ ሊሆን ይችላል፤ ማስረጃ የሚሆነው ግን በአግባቡ ከተመዘገበ ብቻ ነው።

ከሁሉ ቀድሞ የሚበላሸው ዓመቱ ነው። ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ 1902። ስምንት መደመር የለመደ ሰው 1903 ብሎ ይጽፋል። ሌላው ደግሞ ያንን አንብቦ ሰባት ይቀንስና 1896 ያደርገዋል። የለገሃርም ነገር እንዲሁ ነው፦ የተመረቀው በኅዳር 1922 ስለሆነ በፈረንጅ 1929 እንጂ 1930 አይደለም። ልዩነቱ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት ነው፣ ከዚያ ወዲያ ስምንት። ወሩ ካልታወቀ አለመቀየር ይሻላል፤ እንደተገኘ አስፍሮ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ማለት ይበቃል።

ግድግዳ ላይ ያለ ጽሑፍም ያሳስታል። በአማርኛና በፈረንሳይኛ «የጅቡቲ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ሕንፃ አይቶ ጽሑፉ ከሕንፃው ጋር የተወለደ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ጅቡቲ ነጻ የወጣችው በ1969 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ድርጅቱ የፍራንኮ ኢትዮጵያ ይባል ነበር። እንግዲህ ጽሑፉ የሚነግረን የቀለሙን ዕድሜ እንጂ የድንጋዩን አይደለም። ሐዲዱ ራሱ የተሻለ ምስክር ነው፤ በጎኑ ላይ ብዙ ጊዜ የፋብሪካው ስምና የተሠራበት ዓመት ጎልቶ ይገኛል። በሽቦ ብሩሽ መፋቅ ፊደሉን ይበላዋል። ስስ ወረቀት አስደግፎ በእርሳስ ማሸት ወይም ጠዋት ፀሐይ በጎን ስትመታው ማንሣት ይበቃል። ያ ዓመት ብረቱ የተሠራበት እንጂ የተነጠፈበት እንዳልሆነ ግን መርሳት አይገባም። አሮጌ ሐዲድ ከቦታ ቦታ ይዛወራል፤ የአጥር ቋሚና የቤት ምሰሶ ሆኖም ይቀራል። ሐዲዱ ካለበት ደግሞ ሜትር ይዘርጉ፦ በሁለቱ ብረቶች የውስጥ ጠርዝ መካከል አንድ ሜትር ከሆነ የድሮው ነው፤ የአዲሱ የአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር 1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲ ሜትር ነው።

ያኔና ዛሬን ጎን ለጎን የሚያሳዩ ፎቶዎች አንባቢ ይወድዳቸዋል፤ አብዛኞቹ ግን ከአንድ ቦታ የተነሡ አይደሉም። ስልቱ ቀላል ነው፣ ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል። በድሮው ፎቶ ላይ አንዱ ቅርብ፣ አንዱ ሩቅ የሆኑ ሁለት ነገሮች ይመረጣሉ፤ ለምሳሌ የጣሪያ ጠርዝና ከኋላው የተራራ ጫፍ። ጫፉ ከፎቶው ይበልጥ ወደ ቀኝ ወጥቶ ከታየ ወደ ግራ መራመድ ነው፤ ወደ ግራ ከወጣ ወደ ቀኝ። ጣሪያው ተራራውን ከድሮው በላይ ከሸፈነው ወደ ኋላ ማፈግፈግ ያስፈልጋል። ዙም ይህን አያስተካክልም፤ ምስሉን ያቀርባል እንጂ የቆሙበትን ቦታ አይለውጥም። መተሐራ ላይ ይህ ጥንቃቄ ግዴታ ነው። የበሰቃ ሐይቅ በስልሳ ዓመት ውስጥ ከ3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ተነሥቶ ከ40 በላይ ስለደረሰ፣ መንገዱም ሐዲዱም ከፍ እንዲል ሆኗል። ያኔ ፎቶ አንሺው የቆመበት መሬት ዛሬ ውሃ ውስጥ ሊሆን ይችላል። የፈንታሌ ተራራ ብቻውን ለመመሳከሪያ አይበቃም፤ ሩቅ ስለሆነ መቶ እርምጃ ቢሳሳቱም ያው ይመስላል።

ሐዲዱ ጨርሶ የጠፋበት ከተማ ውስጥ ደግሞ ቤቶቹን ማየት ነው። ባቡር በአጭሩ አይታጠፍም፤ ስለዚህ ያለ ምክንያት በረጅም ቅስት የተሰለፉ አጥሮች፣ ወይም ቀጥ ያሉ መንገዶችን ሰያፍ የሚያቋርጥ ሰፊ ባዶ ቦታ ካለ መስመሩ በዚያ አልፎ ሊሆን ይችላል። የከተማዋ ፊት ወዴት እንደነበረም አሮጌ ሱቆች በራቸውን ወዴት እንዳዞሩ በማየት ይገመታል። የድሬዳዋው ከዚራ ሠፈር ቀጥ ያሉ መንገዶች በጣቢያው ዙሪያ የተሳሉ ናቸው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መስመር ጣቢያዎቹን ከከተሞቹ ወጣ አድርጎ ስለሠራ የቀድሞው ሠፈር ጀርባ ሆኖ ቀርቷል።

አዛውንት ሲጠየቁ «በስንት ዓመተ ምሕረት?» አይባልም፤ ሰው ቁጥር ፈጥሮ ይሰጣል። «ከሶማሌ ጦርነት በፊት ነው በኋላ?»፣ ድሬዳዋ ከሆነ «ከ1998ቱ ጎርፍ በፊት?» ቢባል መልሱ ይጸናል። የቦታ ስምም ሁሉም ይጻፍ፤ ናዝሬትን አዳማ ብቻ ብሎ ያለፈ ጽሑፍ የድሮ ትኬትና ደብዳቤ ለሚፈልግ ሰው በሩን ይዘጋበታል። ድልድይና የባቡር ንብረት ለማንሣት ግን አስቀድሞ የፈቃድ ደብዳቤ መያዝ ይበጃል፤ አለዚያ ካሜራው ጥበቃ እጅ ይገባል።

ጋዜጣችሁን የምንጠይቀው ከእያንዳንዱ ፎቶ ግርጌ አንድ መስመር ብቻ ነው፦ የት ቆሞ፣ ወዴት ዞሮ፣ በየትኛው ወርና ዓመት፣ በየትኛው አቆጣጠር።

አንባቢዎቻችሁ፣ ከድሬዳዋ