ከእጅ ራጅ ቁርጥ ያለ ዕድሜ አይወጣም

ውድ አዘጋጅ፣

አዳማ ነው የምኖረው። የጎረቤቴ ልጅ የልደት ሰርተፍኬት የለውም። እናቱ የቡሄ ሰሞን መውለዷን እንጂ ዓመቱን በውል አታውቅም። ክስ ሲገጥመው የእጁን ራጅ አንሥተው «19 ዓመቱ ነው» አሉ፣ አለቀ! ብዙ ጊዜ ማነጻጸሪያ የሚሆነው የግሩሊችና የፓይል አትላስ፣ ማለትም የእጅ ራጆችን በየዕድሜው የሚያሳየው መጽሐፍ፣ እኮ እ.ኤ.አ. በ1959 የታተመ፣ አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ በተደላደለ ኑሮ ባደጉ ነጭ ልጆች ራጅ ላይ የተመሠረተ ነው፤ የአጥንት እድገት ደግሞ እንደ አመጋገብና ጤንነት ይፈጥናል፣ ይዘገያል። የእጅ አጥንት እድገቱን ጨርሶ አንዴ ከገጠመ 17 ዓመትን ከ20 አይለይም። የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስና ከአንገት ሥር ያለው አግድም አጥንትም ይታዩ፣ ውጤቱም «ከዚህ እስከዚህ» ተብሎ ይጻፍ። በወንጀል ሕጋችን 18 መሙላትና አለመሙላት ቅጣቱን ሊለውጥ ይችላል፤ ሐኪሞቻችን ራጁ ቁርጥ ያለ ዕድሜ እንደማይሰጥ ለዳኛው በግልጽ ይንገሩልን።