አልሄድም ላለውስ?

ውድ አዘጋጆች፣

ከአደጋ በኋላ ጠባያቸው ስለሚለወጥ ሰዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ግን መጨረሻው ላይ «ወደ ባለሙያ ይውሰዷቸው» ብላችሁ ዘጋችሁት። አልሄድም ካለስ? የእኛ ቤት ጣጣ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ታላቅ ወንድሜ የመኪና አደጋ ደርሶበት ጓደኛው አጠገቡ ሞተ። እሱ በእግሩ ቆሞ ወጣ፣ ተመስገን አልን። ከዚያ ወዲህ ግን ያ ተጫዋች ሰው የለም። ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ፣ ዓይኑን በሩ ላይ ተክሎ ነው የሚቀመጠው። አንድ ቀን ልጄ የድስት ክዳን ጣለች። ከመቀመጫው ዘሎ ጮኸባት። ተናድጄ ልናገረው ስል እጁን አየሁት፤ ይንቀጠቀጣል። ቶሎ ኪሱ ከተተውና ወጣ።

ታከም ስንለው «አበድኩ እንዴ?» ይላል። ሁለት ዓመት ሙሉ እልኸኛ ነው ብዬ ታገልኩት። ለመንኩት፣ አለቀስኩበት፣ አንዴማ ሳልነግረው ሐኪም ቤት ደጃፍ ድረስ ወስጄው ሦስት ወር ዘጋኝ።

በኋላ አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት ያስረዳችኝ። ያንን ቀን ከሚያስታውስ ነገር ሁሉ መሸሽ ራሱ፣ ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ ከሚመጣውና ፒቲኤስዲ ከሚባለው የአእምሮ ሕመም ዋና ምልክቶች አንዱ ነው። ለእሱ ደግሞ ሕክምና ማለት ስለዚያ ቀን ማውራት ነው። ታዲያ እንዴት እሺ ይበል? የዓለም ጤና ድርጅት የቀድሞ የበሽታዎች መዝገብ ከከባድ መከራ በኋላ የሚመጣ «ዘላቂ የባሕርይ ለውጥ» የሚል ምርመራ ነበረው። በ2022 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ መዝገብ ግን ያንን አውጥቶ «ውስብስብ ፒቲኤስዲ» የሚል ሕመም አስገብቷል። «ዘላቂ» የሚለው ቃል እንደወጣ ስሰማ እንዴት እንደቀለለኝ!

የጭንቅላት ጉዳትም ጠባይ ይለውጣልና እሱን አስመርምረናል፤ ደህና ነው። ለዚያኛው ምርመራ ምንም ሳያንገራግር ነበር የሄደው፣ የአካል ጉዳይ ስለሆነ መሰለኝ። ስለዚህ «ተለውጠሃል» ማለቱን ተውኩት። እንቅልፍ እንዳጣ ራሱ ስለሚናገር፣ ስለ እንቅልፉ ብቻ ነው የማነሳበት። ልጄ ላይ መጮህ ግን እንደማይቻል ቁርጡን ነግሬዋለሁ። ሞትን ካነሳ ደግሞ እሺታውን አልጠብቅም፤ ያኔውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

እባካችሁ ቀጣዩን ጽሑፍ ለእኛ ለቤተሰቦች ጻፉልን። ምን እንበል? ምን አንበል? መቼ ዝም እንበል?

ባለፈው ሰኞ ማታ፣ ሁሉም ከተኛ በኋላ፣ ወንድሜ ድንገት «እነዚያ ሐኪሞች ስለዛ ቀን የግድ ያስወሩኛል?» አለኝ። «ማንም አያስገድድህም፣ መጀመሪያ ስለ እንቅልፍህ ብቻ ንገራቸው» አልኩት። ዝም አለ። እሄዳለሁ አላለም፤ ግን እንደ ድሮው ተነስቶ አልወጣም።

አንዲት እህት