የአባታችን ቤትና የእህቴ ዕዳ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

ጎንደር አራዳ ጨርቃ ጨርቅ እነግዳለሁ። ታናሽ እህቴ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው። ታማ ሥራ ባቆመችበት ጊዜ የሆስፒታልና የክሬዲት ካርድ ዕዳ ተቆለለባት፤ የቤቷም ክፍያ ተወዘፈ። አሁን ባንክራፕሲ ልታስገባ ነው፤ ዕዳ መክፈል ያቃተው ሰው ለፍርድ ቤት የሚያቀርበው የመክሰር ማመልከቻ ማለት ነው። ሁለት መንገድ አለው፤ ጥያቄዋ ቻፕተር ሰቨን (ምዕራፍ 7) የሚባለው ይሻላል ወይስ ቻፕተር ሰርቲን (ምዕራፍ 13) የሚል ነው።

እኔን ያናደደኝ ግን የእኛው ቤት ምክር ነው። እሑድ ቡና ላይ ወሬው ሲነሳ አጎታችን ሲኒውን ከእጃቸው ሳያስቀምጡ፣ «የአባታችሁን ቤት ድርሻዋን ቶሎ በአንተ ስም ታዙረዋ! ፈረንጅ ጎንደር ድረስ መጥቶ ምን ሊያይ?» አሉ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ።

ያያል እንጂ! እዚያ አገር ባንክራፕሲ የሚያስገባ ሰው የትም አገር ያለውን ንብረት በመሐላ ያስመዘግባል። የውርስ ድርሻም ይቆጠራል። ባለፉት 2 ዓመታት ለዘመድ እንዲሁ የተሰጠ ንብረትም ሊመረመርና ሊመለስ ይችላል። ደብቃ ከተገኘች ዕዳው ላይሰረዝላት ይችላል፤ በወንጀልም ልትጠየቅ ትችላለች። ታዲያ ለእኔ ስም ብላ ትታሰር?

ሰቨን ፈጣን ነው። አብዛኛው የካርድና የሕክምና ዕዳ በጥቂት ወራት ይሰረዛል፤ ሕጉ አይነካም ካለው ውጭ ያለ ንብረት ግን ሊሸጥ ይችላል። ሰርቲን ቋሚ ገቢ ይጠይቃል። ከ3 እስከ 5 ዓመት በዕቅድ እየከፈሉ ንብረትን ማቆየት ነው፤ የቤቱም ውዝፍ እዚያው ውስጥ ይከፈላል። ታዲያ አበዳሪዎቹ በሰቨን ከሚያገኙት ያነሰ አይሰጣቸውም። የጎንደሩ ድርሻ ወርሃዊ ክፍያዋን ከፍ ሊያደርገው ይችላል ማለት ነው።

ሥራዋን ስለጀመረች እኔ ሰርቲንን ነው የምለው። የመጨረሻው ቃል የጠበቃዋ ነው። ዕቅዱ ወጪዋን አንድ በአንድ ስለሚያይ፣ ለእናታችን በየወሩ የምትልከውን እኔ እችላለሁ ብያታለሁ። አጎታችን አኩርፈዋል።

እኛም አገር በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ለነጋዴ ከመክሰሩ በፊት ዕዳውን መልሶ የሚያደራጅበት መንገድ አለው። አራዳ ግን ዕዳ የበዛበት ሰው ስልኩን አጥፍቶ ይሰወራል እንጂ ይህን ሲያነሳ አልሰማሁም። እባካችሁ አንድ የሕግ ባለሙያ በሰፊው ያስረዳን። ፊደሉን ብቻ ተለቅ አድርጉት፤ አጎታችን ያለ መነጽር ነው የሚያነቡት።

አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር