የጣርማበር ንፋስ ሲረግብ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ የደብረ ብርሃን ብርድም እንደምታውቂው ነው። «ጣርማበር ላይ ይህ ሁሉ ንፋስ እያለ ለምን ተርባይን ተክለን ከመብራት መቆራረጥ አንገላገልም?» ብለሽ ጽፈሻል። ሥራ ልትጀምሪ ነውና አፍታትቼ ልንገርሽ።

ንፋሱስ አለ። ግን ፍጥነቱ በሰከንድ ከ10 ሜትር ወደ 8 ሲወርድ ኃይሉ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ከፍታችንም አለ፦ በ2,800 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ከዚያው ፍጥነት የሚገኘው ኃይልም በዚያው ልክ ያንሳል። የሳሳ አየር ኢንቨርተርን (ከንፋስና ከሶላር የሚመጣውን ኃይል ለመስመሩ እንዲስማማ የሚቀይረውን መሣሪያ) እና ትራንስፎርመርን በደንብ አያቀዘቅዝም፤ ብልጭታም በቀላሉ ያሳልፋል። የብሬከር (መስመሩን የሚቆርጠው ማብሪያ ማጥፊያ) እና የኢንሱሌተር (ኤሌክትሪኩ ከመስመሩ እንዳይወጣ የሚከላከለው) መመዘኛ በተለምዶ የሚወጣው እስከ 1,000 ሜትር ላለ ቦታ ነው። ለኛ ደጋ ሲታዘዝ የውጭ ኢንሱሌሽኑ አቅም ወደ 25 በመቶ ከፍ ማለት አለበት። ይህ ሳይታይ የተገዛ ዕቃ ሲገጠም ይሠራል፤ ክረምት ገብቶ መብረቅ በመታው ቀን ግን ብልጭታው ይዘለዋል።

ዋናው ነገር ሚዛን ነው። የአገሩ የመብራት መረብ፣ ኔትወርኩ፣ ፍሪኩዌንሲው (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚወዛወዝበት ብዛት) 50 ሄርዝ ላይ የሚቆመው የሚመረተውና የሚወሰደው በየሰከንዱ ሲመጣጠን ነው። አንድ ጣቢያ ድንገት ሲወጣ ጉድለቱን መጀመሪያ የሚሸከመው የሚሽከረከረው የግድቦቹ ማሽን ክብደት ነው። የጭነቱ 5 በመቶ ቢጎድልና የኔትወርኩ ኢነርሺያ (በዚያ በሚሽከረከር ክብደት ውስጥ ያለው ጉልበት ሙሉ ምርቱን ለስንት ሰከንድ እንደሚሸፍን) 4 ሰከንድ ቢሆን ፍሪኩዌንሲው በሰከንድ 0.3 ሄርዝ ያህል ይወርዳል። የውሃ ማሽኖችን አጥፍተን በኢንቨርተር በሚገባ ንፋስና ሶላር ብንተካቸውና ኢነርሺያው 2 ቢሆን ግን 0.6 ይሆናል።

ቀጥሎ ገቨርነሩ (የማሽኑን ፍጥነት የሚቆጣጠረው መሣሪያ) ውሃ ይለቃል። የግልገል ጊቤ 3 አንዱ ማሽን 187 ሜጋ ዋት ነው። ድሩፑ 4 በመቶ ቢሆን (ፍሪኩዌንሲው 4 በመቶ ሲወርድ ማሽኑ ሙሉ አቅሙን ያህል ይጨምራል ማለት ነው)፣ ፍሪኩዌንሲው 49.5 ሲደርስ ማሽኑ 47 ሜጋ ዋት ገደማ ይጨምራል። ይህ የሚሆነው ግን ቦታ ከተተወለት ነው፤ 187 ላይ ሞልቶ የሚሮጥ ማሽን የሚጨምረው የለውም። ስለዚህ ንፋሱ ሲበረታ ማሽኖቹን ከማጥፋት ጭነታቸውን ዝቅ አድርጎ ማቆየት ይሻላል። ውሃው ግድቡ ውስጥ ይቆያል፣ መጠባበቂያም ይኖረናል። ንፋሳችን የሚበረታው ወንዙ በሚጎድልበት በበጋ መሆኑን እንደ ትልቅ ጸጋ አየዋለሁ።

ከሁሉ የምፈራው ሴቲንግ ነው፤ መሣሪያው መቼ ራሱን እንዲያወጣ የሚሞላበት ቁጥር ማለቴ ነው። በፈረንጆች መስከረም 28 ቀን 2016 በደቡብ አውስትራሊያ ማዕበል መስመሮችን ሲጥል ቮልቴጁ ደጋግሞ ወረደ። ተርባይኖቹ ውስጥ ግን በሁለት ደቂቃ ስንት የቮልቴጅ መውረድ እንደሚታገሡ የሚወስን ገደብ ተሞልቶ ነበር፤ ኔትወርኩን የሚመሩት ሰዎች አያውቁትም። በሰባት ሰከንድ ውስጥ 456 ሜጋ ዋት ጠፋ፣ ከጎረቤት ግዛት የሚመጣው መስመርም ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ወጣ፣ ግዛቱ ጨለመ። ንፋሱ አልቆመም ነበር። አዲስ ጣቢያ ስትረከቢ የእያንዳንዱን ሪሌይ (ችግር ሲያይ ብሬከሩን የሚያስቆርጠው መሣሪያ) እና ኢንቨርተር ሴቲንግ በጽሑፍ ተቀበይ፤ «የፋብሪካው ነው» የሚል መልስ አትቀበይ።

ደግሞ ፍሪኩዌንሲ ሲወርድ በራሳቸው እንዲቆረጡ የተመደቡትን ፊደሮች (ከጣቢያ ወደ ሰፈር የሚሄዱትን መስመሮች) በየጊዜው ለኪያቸው፤ የቀኑን ለብቻ፣ የማታውን ለብቻ። ፊደሩ ላይ ሶላር ከተጨመረ ቀን ሲቆረጥ ምርቱም አብሮ ይወጣል፤ ጭነት ቀነስኩ ስትዪ ጉድለቱን ታብሺዋለሽ።

እናትሽ ባናውን ልካልሻለች፤ ስትቀበዪ ደውዪላት።

አባትሽ