ከመድኃኒቱ ዜና ሒሳቡ አይዘለል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ኮምፒውተር አዲስ መድኃኒት እየፈለገ ነው የሚል ዜና ሳነብ ደስ ይለኛል። ግን ከጀርባው ያለው ሒሳብ ሁልጊዜ ይዘለላል። የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼ «ይሄ ምን ይሠራልናል?» ሲሉኝ፣ መልሱ ያለው እዚያው የተዘለለው ቦታ ላይ ነው።

ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። አቶሞቹን ነጥብ፣ የሚያያይዛቸውን ቦንድ መስመር አድርጋችሁ ሳሉ። ቡታጋዝ ውስጥ ያለውን ቡቴን እንውሰድ፤ አራት ካርቦን በአንድ ረድፍ። ሃይድሮጅኖቹን ተዉአቸው። ከእያንዳንዱ ነጥብ ወደ ሌላው ለመድረስ ስንት መስመር እንደሚያስኬድ ቆጥራችሁ ደምሩ፦ 1+1+1+2+2+3፣ 10 ይመጣል። አሁን ከአራቱ አንዱን መሀል፣ ሦስቱን ዙሪያውን አስቀምጡ። ይሄ አይሶቡቴን ነው፤ ድምሩ 9 ይሆናል። የሁለቱም አቶሞች በዓይነትም በቁጥርም እኩል ናቸው። ሆኖም ቡቴን የሚፈላው ከዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ ጥቂት ዝቅ ብሎ ነው፤ አይሶቡቴን ደግሞ ከዜሮ በታች 12 ገደማ ላይ። ይህን ድምር ከሚፈላበት ሙቀት ጋር ያገናኘው ኬሚስቱ ሃሪ ዊነር ነው፣ በ1947 እ.ኤ.አ.።

መፍላት ከመድኃኒት ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። መድኃኒቱ ውሃ ውስጥ መሟሟቱ፣ የሕዋስን ሽፋን ማለፉ፣ ይህም ከሞለኪዩሉ አወቃቀር ጋር የተያያዘ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ2,300 በላይ ሞለኪዩሎችን በነጥብና መስመር መልክ ለኮምፒውተር ሰጥተው አሠለጠኑት። እሱም ቀድሞ ለስኳር በሽታ ታስቦ የነበረ ሃሊሲን የተባለ ውህድ ባክቴሪያ ሊገድል እንደሚችል ጠቆማቸው። ላብራቶሪ ሲገባ እውነትም ገደለ፤ አይጦች ላይም ሠራ።

ላብራቶሪ ይቅር እያልኩ አይደለም፣ በፍጹም። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለነፍሰ ጡሮች ተሰጥቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናትን የጎዳው ታሊዶማይድ እንደ ቀኝና ግራ እጅ ሁለት መልክ አለው። በነጥብና መስመር ብቻ ሲሳሉ ግን ሁለቱ አይለዩም፤ ድምራቸውም አንድ ነው። ይህንን ዜናው አብሮ ሊናገር ይገባል።

እባካችሁ፣ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ሞለኪዩል ሳሉልን፤ ክፍሌ ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ። ዩኒቨርሲቲዎቻችንም የሒሳብና የፋርማሲ ተማሪዎችን አንድ ላይ ያሠሯቸው። ከእንዶድና ከኮሶ የተገኙ ውህዶች አወቃቀራቸው ታትሟል። እነሱን በነጥብና መስመር ስሎ መቁጠር የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም።

አክባሪያችሁ፣
የሒሳብ መምህር